ዐቃቤ ሥራይና ዐቃቤ ንዋይ
ሐኪሞችን የአስተዳደር ጥበብ ስለ ማስተማር

በግእዝ ሐኪም «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል፤ የመድኃኒት ጠባቂ ማለት ነው። በየደብሩ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብና ንብረት ተረክቦ የሚይዘው ሰው ደግሞ «ዐቃቤ ንዋይ» ይባላል፤ የንብረት ጠባቂ ማለት ነው። ሁለቱም መዓርጋት «ዐቀበ» ከሚለው ከአንድ ግስ የተወለዱ ወንድማማች ናቸው። የቀደሙት ሊቃውንት ሐኪሙን በጠባቂነት ስም መጥራታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ጠባቂ የተባለ ሰው የተረከበው አደራ አለና፣ አደራ የተረከበም ሰው ሒሳብ የሚጠየቅበት ቀን አለውና።

እኛ ግን በዘመናችን እነዚህን ወንድማማች አለያይተን በሁለት ቤት አኖርናቸው። ዐቃቤ ሥራዩ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሲቆም፣ ዐቃቤ ንዋዩ ከመዝገቡና ከማኅተሙ ጋር በቢሮ ተቀመጠ፤ አንዱ ሌላውን የሰው ሕመም የማይገባው ቆጣሪ አድርጎ ሲያየው፣ ያኛውም ይህኛውን የገንዘብ ዋጋ የማይገባው አባካኝ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በሁለቱም መካከል ወረቀቱን ይዞ የሚመላለሰው በሽተኛው ነው። ሐኪሞችን ከሕክምናው ትምህርት ጋር የገንዘብ አያያዝን፣ የሰው አስተዳደርንና የሥራ አመራርን ጥበብ ማስተማር የሚለው ሐሳብ፣ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ወደ አገራችን ከገባ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሆኖታል። ሐሳቡ የሚመረመረውም በዚህ መለያየት ፊት ቆሞ ነው፦ ለመሆኑ ወንድማማቹን ያስታርቃቸዋልን ወይስ ሐኪሙን ነጋዴ ያደርገዋል?

አስቀድመን ጉዳዩን ከበሽተኛው ወገን እንመልከተው። ከገጠር የመጣ ሰው ሌሊቱ ሳይነጋ ከሆስፒታሉ በር ይደርሳል፤ ከካርድ ክፍል ፊት ተሰልፎ ረፋዱን ያሳልፋል፤ ካርዱ ከተገኘ በኋላ ከሐኪሙ ፊት ለመቅረብ ሁለተኛ ተራ ይጠብቃል፤ ሐኪሙ ምርመራ ሲያዝለት ለመክፈል ሦስተኛ ተራ፣ ደሙን ለመስጠት አራተኛ ተራ ይይዛል፤ ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ በመጨረሻም መድኃኒት ቤቱ «ከውጭ ግዙ» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሐኪሙ ጥበብ የሠራበት ጊዜ ምናልባት ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። የቀረው ቀን በሙሉ የተበላው በወረፋ፣ በወረቀትና በባዶ መደርደሪያ ነው፤ እነዚህም የሕክምና ጉድለቶች ሳይሆኑ የአስተዳደር ጉድለቶች ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል 40 አልጋዎች አሉ እንበል፤ አንድ በሽተኛ በአማካይ 10 ቀን የሚተኛ ቢሆን፣ አልጋዎቹ ሁልጊዜ ሙሉ ሆነው ሳለ በየቀኑ ሊገቡ የሚችሉት 4 ሰዎች ናቸው፤ በዓመት 1,460 መሆናቸው ነው። በሽተኞቹ በአማካይ በ8 ቀን የሚሰናበቱ ቢሆን ግን በየቀኑ የሚገቡት 5፣ በዓመት የሚገቡት 1,825 ይሆናሉ። አንድም አልጋ ሳይጨመር፣ አንድም ግድግዳ ሳይቆም፣ «አልጋ የለም» ተብለው ከበር ይመለሱ የነበሩ 365 ሰዎች መኝታ አገኙ ማለት ነው። እነዚያን ሁለት ቀናት የበላቸው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልሱ በየክፍሉ ይታወቃል፤ የላብራቶሪ ውጤት ዘግይቶ ነው፤ ስፔሻሊስቱ ቅዳሜና እሑድ ስለማይዞር ውሳኔው እስከ ሰኞ አድሮ ነው፤ የኦፕራሲዮኑ ተራ በመብራት ወይም በኦክስጅን እጦት ተላልፎ ነው፤ የመሰናበቻው ወረቀት የሚፈርምበት ሰው አጥቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በመርፌና በክኒን የሚፈወስ አንድ ስንኳ የለም፤ ሁሉም በሥርዓት የሚፈወሱ ናቸው። ሥርዓቱን ሊያስተካክል የሚችለውም፣ የትኛው በሽተኛ ያለ ጉዳት ቶሎ ሊሰናበት እንደሚችል፣ የትኛውስ ቶሎ ቢሰናበት እንደሚሞት ለይቶ የሚያውቀው ሐኪሙ እንጂ ቁጥሩን ብቻ የሚያየው ሒሳብ ሹም አይደለም።

ሐኪም አስተዳዳሪ መሆኑ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገብቶ ወደ ህንድ የተወሰደው ሕፃን፣ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብሎ ወደ አገሩ የተመለሰው ሰው፣ በላሆር ሕክምና ተምሮ፣ በስኮትላንድም ትምህርቱን አጽንቶ፣ በበርማ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሕዝቡን ያከመ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው። ይኸው ሰው በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ኀላፊ ሆነ፤ ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆኖ አሰበ ተፈሪን አቀና፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኖ ስለ አገሩ ተሟገተ። መድኃኒት በሚመዝንበት እጁ መንገድና ግብር አስተዳደረ፤ ይሁን እንጂ ይህን የአስተዳደር ጥበብ ያገኘው ከሕክምና ትምህርት ቤት ሳይሆን ከዕድልና ከዕድሜ ነበር፤ አገርም በዕድል ብቻ የሚገኙ ሰዎችን ተስፋ አድርጋ ልትኖር አይቻላትም።

ዕድልን በትምህርት ለመተካት ከተደረጉት ሙከራዎች ታላቁ በጎንደር የተደረገው ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ከተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛን ባንድነት እያሠለጠነ፣ ባንድነትም ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛን የሚያክም ብቻ ሳይሆን ጣቢያውን የሚመራ፣ የወረዳውን ንጽሕናና ክትባት የሚያስብ፣ ባልንጀሮቹን የሚያሠማራ ሰው እንዲሆን ታስቦ ነበር የተማረው። እንግዲህ ዛሬ እንደ አዲስ ወሬ የሚነገረው ነገር ሥሩ በዚህ ይገኛል፤ ጎንደር ሐኪምነትንና መጋቢነትን በአንድ ማዕድ አቅርቦ ነበር።

ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ የሐኪሙ ክብር እያደገ ሲሄድ፣ ክብሩ የተለካው በምርመራው ጥልቀትና በቢላዋው ርቅቀት እንጂ በክፍሉ አያያዝ አልነበረም። ይህም በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ጉዳቱ የመጣው ሹመት በሚሰጥበት ቀን ነው። ትናንት በቀዶ ሕክምናው የተመሰገነው ሰው፣ ስለ ምስጋናው ዛሬ ሜዲካል ዳይሬክተር ይባልና በማግሥቱ የግዥ ሰነድ፣ የዲሲፕሊን ክስና የበጀት መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ ይከመርበታል። አንድን ሰው በአናቶሚ ሳይፈተን ቢላዋ እንዲጨብጥ የማይፈቅድ ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ሰው አንዲት የሒሳብ ገጽ ሳያነብ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን እንዲያዝ ሲፈቅድ ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ጉድለት በግልጥ ያወጣው የገንዘብ ሕግ መለወጥ ነው። ቀድሞ ሆስፒታሎች ከበሽተኛ የሚቀበሉትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር፤ ሰብሳቢው የሰበሰበውን ስለማይጠቀምበት ስለ አሰባሰቡም ሆነ ስለ አጠቃቀሙ ብዙ አይጨነቅም ነበር። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን ክልሎች ባወጡአቸው አዋጆች መሠረት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ገቢያቸውን በእጃቸው አስቀርተው፣ ከመንግሥት በጀት በተጨማሪ ለመድኃኒት፣ ለዕቃና ለጥገና እንዲያውሉት ተፈቀደ፤ የሚቈጣጠራቸውም ቦርድ ተቋቋመላቸው። በኋላም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሌላ ሥራ ጨመረ፤ ለመድን አባሉ የተሰጠው አገልግሎት ተጽፎና ተሰልቶ ካልተጠየቀ የሆስፒታሉ ገንዘብ ቀልጦ ይቀራልና። ስለዚህ በካርዱ ላይ የሚጻፈው የሐኪሙ ቃል የሕክምና ማስታወሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብም ሰነድ ሆነ። ሐኪሙ ወደደም ጠላም ዐቃቤ ንዋይ ሆኗል፤ የቀረው ነገር ይህን ሹመቱን ማወቁና መማሩ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ግድም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን የማሻሻል ሥራ የጀመረው በዚሁ የአስተዳደር ጉድለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ በሆስፒታል አስተዳደር የሠለጠኑ የውጭ አገር ሰዎች በ14 ሆስፒታሎች ተመድበው ከአገሬው ኀላፊዎች ጎን እየቆሙ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ቀጥሎም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከዬል ጋር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። የዚህ ትምህርት መልካምነቱ ተማሪውን ከሆስፒታሉ ነቅሎ ለሁለት ዓመት በክፍል አለማስቀመጡ ነበር፤ ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት ተምሮ ወደ ሥራው ይመለስ፣ የተማረውን በራሱ ካርድ ክፍልና በራሱ መድኃኒት መጋዘን ይሞክር፣ የሞከረውንም ይዞ ተመልሶ ይጠየቅ ነበር። ይህም ከአብነት ትምህርት ቤታችን ልማድ ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያ የቃል ትምህርቱን ያደረሰ ደቀ መዝሙር በማኅሌቱ ቆሞ ሳያሳይ ዐወቀ አይባልምና። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጥቶ፣ ስለ በሽተኛ አቀባበል፣ ስለ ካርድ አያያዝ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ነርሶች ሥራ፣ ስለ ዕቃ ጥገናና ስለ ገንዘብ እያንዳንዱ ሆስፒታል ሊፈጽመው የሚገባው ሥርዓት ተጻፈ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ማሻሻያ ለሆስፒታሉ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ሲሾምለት ሥራ አስኪያጁ የግድ ሐኪም እንዲሆን አልጠየቀም፤ ከእርሱ ጎንም ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቆመ። ስለዚህ «ሐኪሞችን አስተዳደር ማስተማር» ማለት ሐኪሞችን ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ማድረግ አይደለም። ይልቁንም ሥራ አስኪያጁ «በጀቱ አይፈቅድም» ሲለው ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን እንዲያነብ፣ ሐኪሙ «ይህ ዕቃ ያስፈልጋል» ሲል ደግሞ የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የሬኤጀንቱን (የመመርመሪያውን ኬሚካል)፣ የመለዋወጫውንና የባለሙያውን ዋጋ ጨምሮ እንዲያቀርብ የሚያስችል የጋራ ቋንቋ መስጠት ነው። በብዙ ሆስፒታል ጓዳ አቧራ ለብሶ የቆመው መሣሪያ፣ ሲመጣ በደስታ ተመርቆ ሳለ ሬኤጀንቱ ሲያልቅ ማን እንደሚገዛው ያልታሰበበት መሣሪያ ነው።

ይህን የጋራ ቋንቋ ፍለጋ ሌሎች አገሮችም ሄደውበታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የሴንስበሪ ሱቆች ሹም የነበሩት ሮይ ግሪፊትስ በመንግሥት ታዘው የአገሩን የጤና አገልግሎት ሲመረምሩ ያገኙት ዋና ሕመም፣ በሆስፒታል ውስጥ ስለ ጠቅላላው ሥራ የሚጠየቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነበር። መፍትሔያቸውም ኀላፊነቱ የታወቀ ሥራ አስኪያጅ እንዲሾም፣ ሐኪሞችም ገንዘቡን የሚያወጣው ትእዛዛቸው ስለ ሆነ ከበጀቱ ኀላፊነት እንዲካፈሉ ነበር። በሎንዶን የሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ተምሮ እያንዳንዱን የሕክምና ክፍል ከነበጀቱ ለሐኪም አለቃ አስረከበ፤ የዚያ ለውጥ መሪ ሲሪል ቻንትለር የሕፃናት የኩላሊት ሐኪም ነበሩ። በኋላ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አማንዳ ጉዶል የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ የታወቁትን ሆስፒታሎች መርምረው በሐኪም የሚመሩት በጥራት ነጥብ ከፍ ብለው መገኘታቸውን ጻፉ። ይህ ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ሐኪሙ ሆስፒታሉን መልካም አደረገው ወይስ መልካሙ ሆስፒታል መልካሙን ሐኪም ሳበ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርምና።

በዚያው በብሪታንያ ተቃራኒው ትምህርትም ተገኝቷል። በስታፎርድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 የሆነው ነገር፣ በ2013 በወጣው የሮበርት ፍራንሲስ የምርመራ ዘገባ እንደ ተገለጠው፣ የአስተዳደሩ ልብ ወጪን በመቀነስና ከፍ ያለ የራስ ገዝ መዓርግ በማግኘት ላይ ሲያርፍ፣ በሽተኞች የሚያጠጣቸውና የሚያነሣቸው አጥተው መሠቃየታቸው ነበር። መዝገቡ ሲያምር ክፍሉ ከፋ። እንግዲህ የአስተዳደር ትምህርት ያለ ሐኪም ኅሊና ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ወደ ግምት መሄድ አያስፈልግም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ በዚያ ነበሩ፤ ያዩትን ሁሉ ጮኸው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ አስተዳደር የሌሎች ጉዳይ ነው ብሎ የተማረ ሰው፣ የአስተዳደሩ ክፋት ሲመጣም የሌሎች ጉዳይ አድርጎ ያየዋል።

በህንድ አገር በማዱራይ ከተማ የተገኘው ምሳሌ ግን ልብ የሚያሳርፍ ነው። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ፣ ጣቶቻቸው በሪህ የተጣመሙ የዓይን ሐኪም፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲወጡ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋዎች አራቪንድ የተባለውን የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። ሥርዓቱ ግልጥ ነበር፤ መክፈል የሚችለው ይከፍላል፣ ከእርሱም የተረፈው መክፈል የማይችለውን ያሳክማል። ይህ እንዲቻል ግን ወጪው ማነስ ነበረበትና በኦፕራሲዮን ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተተከለ፤ ሐኪሙ በአንደኛው ላይ ሲሠራ ነርሶቹ ሁለተኛውን በሽተኛ ያዘጋጃሉ፤ ሐኪሙ አንዱን እንደ ጨረሰ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የሐኪሙ እጅ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ጊዜ የለም። በዓይን ውስጥ የሚተከለውም ሌንስ ከውጭ ሲገዛ ዋጋው ለድኻ የማይቀመስ ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። እዚህ ላይ ሒሳብ የምጽዋት ጠላት ሳይሆን አገልጋይ ሆነ። መስጠት የሚወድ ሁሉ መስጠት አይችልም፤ የሚሰጠውን ቆጥሮ ያኖረ ነው የሚሰጥ።

አሁን በዚህ ሐሳብ ላይ ወደሚነሡት ተቃውሞዎች እንለፍ። የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ለ10,000 ሕዝብ አንድ ያህል ሐኪም ብቻ ባለበት አገር ሐኪሙን ከበሽተኛው አልጋ አንሥቶ ከመዝገብ ፊት ማስቀመጥ ብክነት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ሐኪሙን ሁሉ ለሹመት ለማሠልጠን የሚያስቡትን በትክክል ይወቅሳቸዋል። ነገር ግን ሐኪም ማነሱ ራሱ ለሌላው ወገን ምስክር ነው፤ ብዙ ያለው ሰው ጥቂቱን ቢያባክን ይችለዋል፣ ጥቂት ያለው ግን ሰዓቱን ካልቈጠረ ምን ይተርፈዋል? በጠፋ ካርድ፣ ባልተሞላ መርፌና በተበላሸ ማሽን ምክንያት እጁን አጣጥፎ የሚቆም ስፔሻሊስት ከመዝገብ ፊት ከተቀመጠው ይልቅ የባከነ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ጥቂት፣ ለጥቂቶች ብዙ ማስተማር ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ ይኸውም የንግድ ትምህርት የሐኪሙን ልብ ይለውጠዋል የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ለማያስፈልገው ምርመራ የሚላክ፣ ለሰውነቱ ሳይሆን ለኪሱ የሚታይ በሽተኛ በከተሞቻችን መኖሩን ያልሰማ የለም። ነገር ግን ያ ሐኪም ክፋቱን የተማረው ከበጀት መጽሐፍ አይደለም። እንዲያውም የእያንዳንዱን ምርመራ ዋጋና ጥቅም ማመዛዘን የተማሩ ሐኪሞች ሲበዙ የማያስፈልገው ምርመራ ቶሎ ይታወቃል፣ ቶሎም ይጠየቅበታል። ስለ መክሊት የተነገረውን ምሳሌ ያስታወሰ ሰው፣ በዚያ የተወቀሰው አገልጋይ ሰርቆ ሳይሆን ቀብሮ እንደ ነበር ያውቃል።

ከሁለቱም ተቃውሞዎች ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው ነው። ትምህርት ያለ ሥልጣን ከንቱ ነው። ሐኪሙ የክፍሉን ወጪ ማንበብ ተምሮ ሳለ የክፍሉ ወጪ ለእርሱ የማይነገረው ከሆነ፣ ሠራተኛ ማስተዳደር ተምሮ ሳለ ሠራተኛ ሲመደብና ሲነሣ የማይጠየቅ ከሆነ፣ የተማረው ሥራ አስኪያጅም ገና ሥራውን ሳያጸና ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ከሆነ፣ ማስተርሱ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይሆናል። ጋይስ ሆስፒታል የተለወጠው በጀቱን በሐኪሞቹ እጅ በመስጠትና እነርሱንም በበጀቱ በመጠየቅ ነው። ሥልጣን ያለ ትምህርት ደግሞ እንዴት እንደሚያጠፋ በየሆስፒታሉ ታይቷልና ሁለቱ ባንድነት መሄድ አለባቸው።

ትምህርቱም በመጨረሻው ዓመት እንደ ተረፈ ፍርፋሪ የሚሰጥ አንድ ኮርስ ሊሆን አይገባውም። ተማሪው ኢንተርን ሆኖ በሚዞርበት ክፍል አንድ ወረፋ ይዞ ይቁጠር፤ አንድ መድኃኒት በወር ስንት እንደሚወጣ ከመጋዘኑ ካርድ አንብቦ መቼ እንደሚያልቅ ይገምት፤ አንድ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ የት እንደ ደረሰ ይከተል። ይህን ያደረገ ተማሪ የአስተዳደር መጽሐፍ ሲሰጠው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩን ያነባል።

ስለዚህ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ለምታስተምሩ መምህራን ያለን ልመና ገንዘብም አዲስ ሕንፃም የሚጠይቅ አይደለም። በነገው የጠዋት ራውንድ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ራጁና ስለ መድኃኒቱ መጠን ከጠየቃችሁት በኋላ፣ ለተማሪው አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፤ ይህ ሰው ዛሬ ለምን ወደ ቤቱ አልሄደም? መልሱንም ከካርዱ ሳይሆን ከላብራቶሪው፣ ከመጋዘኑና ከቢሮው ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ እዘዙት።